መንገዱን ሁልጊዜ ከ‹ሲ› መጀመር

ከመቱ የወጣሁት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ዝናቡ እያካፋ፣ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተደብቄ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ስሜ በጠላትነት ከተነሳ ወዲህ ቤቴ የሚያስተኛ አልነበረም። እናቴ አላለቀሰችም፤ ዳቦ ጠቅልላ ብብቴ ስር ሸጎጠችልኝና «ሂጂ፣ ሂጂ በቃ» አለችኝ። ጎረቤታችንን የሁሩሙን ከተማ ስናልፍ ባዶውን የገበያ ቦታ በሸራው ቀዳዳ አየሁትና እኔ አለቀስኩ። ከዚያ በመኪናም በእግርም ብዙ ተንከራትቼ ሱዳን ገባሁ።

ድንበር ላይ የስደተኞች መዝጋቢው በአስተርጓሚ አድራሻዬን ጠየቀኝ።

«መቱ ደርሰው የአባቴን ስም ይጥሩ፤ ያገኙት ሰው ያደርስዎታል።»

«አድራሻሽን ለመጻፍ መቱ ልሂድ?»

መቀለዴ አልነበረም። እኛ ዘንድ መንገድ ለጠየቀ ሰው አይነገረውም፣ ይወሰዳል እንጂ። ሁሩሙ በገበያ ቀን ሳይቀር ማር ሻጯ ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ እንግዳውን ከሚፈልገው ቤት ደጅ ታደርሰዋለች።

ኻርቱም ሌላ ዓለም ነው። ቁርሱ ፉል፣ እራቱ ፉል፤ እኔ የማልመው ጎደሬ። አቧራው ሰማዩን ቡኒ ሲያደርገው የመቱ ጭቃ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

አገር ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ ለስደተኞች ኮምፒውተር የሚያስተምር ቢሮ ለሙከራ ቀጠረኝ። ካለፍኩ የሥራ ፈቃድ ይወጣልኛል፤ ካላለፍኩ ወደ ካምፕ ነው። ሥራዬ ከሰላና ፖርት ሱዳን ከተሞች ላሉ ተማሪዎች የሚላከውን የአማርኛ መመሪያ ማዘጋጀት ነበር። ኃላፊዬ ጋሼ ተክሌ የስልክ ቴክኒሽያን ሆነው ያረጁ፣ ቀልድ የማያውቁ የአስመራ ሰው ናቸው።

ኮምፒውተር ውስጥ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ዳይሬክተሪ ይባላል፤ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ክፍል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ አለ። የሁሉም መነሻ ‹ሲ› የምትባል ፊደል ናት። እኔ ግን ወደ ፋይሉ የሚያደርሰውን መንገድ አንዴ በቀስት፣ አንዴ በነጠላ ሰረዝ፣ አንዴ ደግሞ «ቅድም የከፈትነው ውስጥ ግቡ» እያልኩ እንዳመጣልኝ ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ «ካጣችሁት እኔ ጋ ኑ፣ አሳያችኋለሁ» ብዬ ጨመርኩ። ደግነት መስሎኝ ነው።

ጋሼ ተክሌ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከፖርት ሱዳን ተነስቶ አንቺ ጋ ይመጣል?»

ገጹን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ፤ እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«‹ቅድም የከፈትነው› ትያለሽ። ቅድም ማን አብሮት ነበር? ሰውየው ብቻውን ነው፣ ልጄ። ሁልጊዜ ከ‹ሲ› ጀምሪ። በየስሙ መካከል ኮምፒውተሩ የሚያውቃትን ያጋደለች ጭረት ብቻ አድርጊ። ከገጽ ገጽ እንዳትለውጪ።»

«ሁሌ ከ‹ሲ›? ሰው ይሰለቻል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይሰልች። ተሰላችቶ ይድረስ።»

ተናደድኩ። ግን ካምፑ ትዝ ሲለኝ ቁጭ ብዬ ሙሉውን እንደገና ተየብኩት። እሳቸውም ገጾቹን ከጎንደር ለመጣች አዲስ ተማሪ ሰጥተው፣ ኮምፒውተሩ ጋ አስቀምጠው በሩን ዘጉባት። እኔን ውጭ አስቆሙኝ። ገብቼ ላሳያት እጄ ስንቴ ወደ በሩ እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው።

ልጅቱ ስትወጣ ላብ አጥምቋታል።

«ፋይሉን አገኘሁት» አለች።

«ማን አሳየሽ?» አሏት ጋሼ ተክሌ።

«ማንም። እንደተጻፈው ሄድኩ።»

ያን ቀን ጋሼ ተክሌን ወደድኳቸው። ደረቅ ናቸው ስላቸው የከረምኩት ሰውዬ፣ ለካ በዓይናቸው አይተውት ለማያውቁት ሰው የሚጨነቁ ኖረዋል። እኔ የማደርሰው አጠገቤ የቆመውን ብቻ ነበር። መመሪያው ከሰላ ሄደ፣ ፖርት ሱዳን ሄደ፤ ጠፋብኝ ያለ ሰው አልመጣም። የሥራ ፈቃዴም ወጣ።

ፈቃዱን ባገኘሁ ሰሞን መቱ ስልክ አስያዝኩ። እናቴን ጠርተዋት መጣች።

«ኢንታላ ኮ፣ ኤሳ ጅርታ? የት ነሽ፣ ልጄ?»

«ኻርቱም ነኝ፣ እማዬ። ኻርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ።»

«እሱን እኔ አላውቀውም። ከቤታችን ጀምረሽ ንገሪኝ።»

መንገዱን ከነከተሞቹ፣ ካሳደሩኝ ቤቶች ጋር፣ አንድ ሳላስቀር አውቀዋለሁ። ግን መስመሩን ሌላ ሰው ይሰማል፣ ያሳደሩኝም ሰዎች ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ብናገር በእኔ ይያዛሉ።

«ኢንታላ ኮ?» አለች። «ይኸው፣ ከበራችን ወጣሁ በይ። ከዚያስ?»