አባቴ በዱላ የመታኝ ለታ

እኔ ቶሎ የምቀጣጠል ሰው ነኝ። ወረታ ከተማ ቴኳንዶ የጀመርኩት ንዴቴን ያበርድልኛል ተብሎ ነበር፤ ይባስ ብሎ ለንዴቴ እግር ጨመረለት። የምንሠለጥነው በአንድ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነው። ስንዘል የገለባው አቧራ ይነሳና ሁላችንም እናስነጥሳለን።

አሠልጣኛችን ከልምምድ በኋላ የሌላውን ዓለም በስልኩ ያሳየናል። ልቤ የጠፋው ያኔ ነው። ብራዚል ውስጥ በባርነት የነበሩ ሰዎች ጌቶቻቸው እንዳይነቁባቸው ጠቡን ጭፈራ አስመስለውት፣ በእጃቸው ቆመው በእግራቸው ይማቱ ነበር። ጃፓኖች ጁዶ የሚሉት አላቸው፤ የሚገፋህን አትገፋውም፣ ሳብ ታደርገውና በራሱ ጉልበት ይወድቃል። የታይላንድ ሰዎች ክርንና ጉልበታቸውን እንደ መዶሻ ያወርዱታል። ሴኔጋል ውስጥ ደግሞ ግንድ የሚያካክሉ ሁለት ሰዎች አሸዋ ላይ ሲታገሉ ከተማው ሥራ ፈትቶ ያያል። የሰው ልጅ ያው ሁለት እጅና ሁለት እግር ይዞ ይህን ሁሉ ዘዴ ማውጣቱ ያስደንቀኝ ነበር፤ አሁንም ያስደንቀኛል።

ሩዝ ስናርም ይህን ሁሉ ለአባቴ እነግረዋለሁ። ጎንበስ እንዳለ ያዳምጠኝና አልፎ አልፎ፣ «ታዲያ እዚያ አገር የሚገላግል ሽማግሌ የለም?» ይላል። አንድ ቀን፣ «የእኛስ?» አለኝ።

«የእኛማ ዱላ ነው፤ ዱላ ደግሞ ምን ጥበብ አለው?» አልኩት። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ። እሱ ግን ሳቅ ብሎ አረሙን ቀጠለ።

እኛ አገር፣ ፎገራ ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጠብ አይጠፋም። ጎርፉ የእርሻውን ድንበር ጠራርጎ ይወስደዋልና፣ ውሃው ሲጎድል እያንዳንዱ ሰው ድንበሩን ወደ ጎረቤቱ ገፋ አድርጎ ያስታውሰዋል። የዚያን ዓመት ተራው የእኛ ሆነ። ጎረቤታችን የአባቴ እኩያ ናቸው፤ የወለቀ የሚመልሱ፣ የተሰበረ የሚጠግኑ የሰፈሩ ወጌሻ። ጭቃው ውስጥ ቆመው ከአባቴ ጋር ሲከራከሩ ቆዩና፣ «አንተ ድሮም የሰው መሬት መብላት ለምደሃል» አሉት። ዱላቸውንም ከትከሻቸው አወረዱ። ሁለቱ ልጆቻቸው ዱላ ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል።

ደሜ ፈላ። አንድ ሰው ከተመታ ደም እንደሚፈስ፣ ደም ከፈሰሰ ደግሞ ሁለት ቤት እስከ ልጅ ልጅ እንደሚተላለቅ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ያኔ ግን የታየኝ የሰውዬው ደረት ብቻ ነበር። ተንደርድሬ ዘለልኩ።

ገና አየር ላይ እንዳለሁ ባቴ ላይ እሳት ያረፈ መሰለኝ። ጭቃው ውስጥ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ቀና ብዬ ሳይ በዱላው የመታኝ አባቴ ነው። መሀላችን ገብቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ጀርባውን ለጎረቤታችን ሰጥቶ ቆሟል። ዱላ ለያዘ፣ ለተቆጣ ሰው ጀርባውን ሰጠ። በስልክ ካየኋቸው ሁሉ እንዲህ የቆመ አንድም ሰው አላየሁም።

«የገዛ ልጅህን?» አሉ ጎረቤታችን። ዱላቸው ቀስ እያለ ዝቅ አለ። ልጆቻቸውም ዱላዎቻቸውን ተመርኩዘው ቀሩ።

እግሬ አልቆም አለኝ። ተሸክመው ቤት አስገቡኝና ወጌሻ ይጠራ ተባለ። ወጌሻው ደግሞ ያው እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ከየት ይምጣ? መጡ። ቅቤ ቀብተው ባቴን ሲያሹት ከኀፍረቴ የተነሳ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ጣታቸው ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ እየዳበሰ እስከ ጉልበቴ ወጣ፤ ተመልሶ ወረደ።

«አጥንቱን አልነካውም፤ ሥጋው ላይ ነው ያሳረፈው» አሉ በመጨረሻ። «ሊሰብርህ ቢፈልግ ይሰብርህ ነበር። ለክቶ ነው የመታህ። በጉብዝናችን ጊዜ ከአባትህ ጋር ዱላ የሚገጥም አልነበረም።»

የሚበር እግርን፣ በዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ፣ ከአጥንቱ ሁለት ጣት አርቆ መምታት። ይህን ሳስብ ሕመሙን ረሳሁት። በአባቴ እጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ሳላውቅ ስንት ዓመት አብሬው አረስኩ።

ወጌሻው እጃቸውን ሲታጠቡ ከበሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ነበር። ከእርሻው ከተመለስን ጀምሮ እህል ሳይቀምስ እዚያው ቆሞ ኖሯል፤ መግባት ፈርቶ።

«ሰበርኩት?» አለ።