ከስካርናይ የወጣው ጭስ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተነፍቶ ቢጣራ በወንፊቱ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ሥራው ነው? ወዳጁ ነው? ወይስ ዘግቶት ሲወጣ አንድ ቀን ተመልሼ እከፍተዋለሁ ብሎ የሚያምንበት በር? ቶርኪል ማክአስኪል ይህን ቢጠየቅ የሚመልሰው ሦስተኛውን ነበር። ያውም ጠያቂው ለምን እንደጠየቀው በቅጡ ካጣራ በኋላ ነው።

ሲፈጠር ተጠራጣሪ ነበር። እናቱ «ይህ ልጅ ጡት ስሰጠው እንኳ መጀመሪያ ገልመጥ አድርጎ አይቶ ነው የሚይዘው» ትል ነበር ይባላል። ጎልምሶ አንዲት ሴት ወደደችው፤ ለምን እንደወደደችው ሊገባው ስላልቻለ ነገሩ እንዲሁ ቀረ። አየሩ ሲጠራ ዝናብ አድብቶበታል ብሎ ካፖርቱን ይደርባል፤ በዚያ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

የተወለደው ስካርናይ በምትባል፣ አራት ቤት ብቻ በቀረባት ደሴት ላይ ነው። መንገድ የላትም፣ ሱቅ የላትም፤ በሳምንት ሁለት ቀን የፖስታ ጀልባ ይመጣላታል። እንጀራው ግን በባቡር ላይ ነበር። በጋ በመጣ ቁጥር ሽርሽረኞችን ከግላስጎ ይቀበላል። በባቡር ወደ ደጋው ያወጣቸዋል፣ ሰው የማይኖርበትን ሰፊ ረግረግ ያሻግራቸዋል፣ ሐዲዱ ባሕር ላይ ሲያልቅ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይወስዳቸዋል፤ ከዚያም በሌላው ሐዲድ ኢንቨርነስ አድርሶ ይሸኛቸዋል። ጉዞው ስድስት ቀን ነው። አንዱን ሸኝቶ ሌላውን ሲቀበል፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚያድረው ፎርት ዊልያም ባቡር ጣቢያ አጠገብ በተከራያት ክፍል ነበር። የአገሩ ሰዎች ስም ማውጣት ስለማይሰለቻቸው «ቶርኪል ባቡሩ» ይሉታል።

ፍርሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የስካርናይ መሬት የቶርኪል አይደለም፤ እሱ ጭሰኛ ነው፣ አባቱም አያቱም ጭሰኛ ነበሩ። በሕጉ ማንም ሊያስለቅቀው አይችልም። ነገር ግን ያው ሕግ ጭሰኛ በመሬቱ ላይ መኖር አለበት ይላል፤ ርቆ ከኖረና ከታወቀበት መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ ማንም አልተናገረበትም። ቢሆንም የቅድመ አያቱ ዘመን ሰዎች ለበግ ግጦሽ ተብሎ ከነልጆቻቸው መባረራቸውን፣ የቤታቸውም ክዳን በላያቸው መቃጠሉን ሲሰማ ነው ያደገው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ነገር በዚያ አገር ተረት አይደለም፣ ታሪክ ነው።

ያን ዓመት በነሐሴ ካጀባቸው ሽርሽረኞች መካከል ሚስስ ሄፕል የሚባሉ ከዮርክሻየር የመጡ ሴት ነበሩ፤ ሥጋ ሻጭ ባላቸው ሞቶ ሱቁን ሸጠው ዓለምን ሊያዩ የወጡ፣ የወፍ ማያ መነጽር ከአንገታቸው የማይለይ ሴት።

«አቶ ቶርኪል፣ ያ ተራራ ማን ይባላል?» አሉት ከባቡሩ መስኮት።

«የትኛው?»

«ያ ጉም የለበሰው።»

«ጉሙን ሳያወልቅማ እንዴት ብዬ እሱ ነው ልበል?»

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሱ። «እርስዎ እኮ የገዛ እናትዎን መታወቂያ አምጪ የሚሉ ሰው ነዎት!»

«እናቴን አላልኩም። አጎቴን ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት አስጎብኚ ኩባንያው በተከራያት ጀልባ፣ ሐዲዱ ከሚያልቅበት ከማሌግ ወደ ስካይ ደሴት ተነሡ። ባሕሩ ረግቷል። በግራ በኩል ስካርናይ ብቅ ስትል ቶርኪል እንደ ልማዱ ማይክሮፎኑን ይዞ ድንጋይ ላይ ስለሚተኛው የባሕር እንስሳ፣ ስለ አቆስጣ፣ ማውራት ጀመረ፤ ስለ ደሴቲቱ አያወራም።

«ኧረ ያቺን ነጭ ቤት እዩዋት!» አሉ ሚስስ ሄፕል። «ጭሷ እንዴት ያምራል! ምሳ እየሠሩ ይሆናል።»

ቶርኪል ይቅርታ እንኳ ሳይል መነጽሩን ከአንገታቸው ጎትቶ አየ። ሴትዮዋም አብረው ተጎተቱ።

ቤቱ የራሱ ነው። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጭሱ የከሰል አይደለም፤ ከረግረጉ ተቆርጦ የሚደርቀው፣ እንደ ኩበት የሚነደው የአፈር ማገዶ ጭስ ነው። እሱ በጸደይ ቆርጦ፣ ከግድግዳው ሥር ደርድሮ የተወው የራሱ ማገዶ። ምድጃውን በሚያዝያ በእጁ አጥፍቶ ነው የወጣው። እሳት ለኩሱልኝ ብሎም ማንንም አልለመነም።

«የማን ቤት ነው?» አሉት አንገታቸውን እያሹ።

«የማንም።»

ቀሪውን መንገድ ስለ አቆስጣ የተናገረው ነገር ራስና ጅራት አልነበረውም። በልቡ ሰው እየመረጠ ነበር። ስካርናይ ላይ በር አይቆለፍም፤ መቆለፍ ጎረቤትን መስደብ ነው። እሱ አንድ ጊዜ ቁልፍ ገዝቶ ቢያንጠለጥል ጎረቤቱ ዶሊና ዓመቱን ሙሉ «ንጉሡ ግምጃ ቤታቸውን ዘጉ» እያለች ስላሳቀችበት ፈታው። ስለዚህ ማንም መግባት ይችላል። የሚገባው ግን የሚፈልገው ነው፤ እሳት ያነደደ ሰው ነገ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ ይላል። ማን ይፈልገዋል? የእህቱ ልጅ ሩሪ ባለፈው ክረምት፣ ያውም ቀብር ላይ፣ «አጎቴ፣ መሬቱን ከአንተ በኋላ ማን ይይዘዋል?» ብሎ ጠይቆታል። ዶሊናስ? ባሏ የሞተባት፣ አብራው ያደገች፣ በጎቿ በየጸደዩ አጥሩን አልፈው የሚግጡበት ጎረቤቱ። ሲናገራት «በግ መጻፍና ማንበብ አታውቅም፣ ድንበር በምን ታውቃለች?» ነበር መልሷ። ከሁለቱ አንዱ ነው። ስካይ ሲደርስ ሁለቱም ሆኑ።

ቶርኪል ከሆቴሉ ሆኖ፣ ሩሪ ወደሚከራይበት የግላስጎ ቤት ደወለ። ያነሡት አከራይዋ ናቸው።

«ሩሪ የለም። ለሁለት ቀን ባሕር ዳርቻ ሄዷል።»

«የትኛው ባሕር?»

«እኔ ምን አውቄ? ባሕር ባሕር ነው።»

«ከማን ጋር ሄደ?»

«አባቱ ነዎት ወይስ ፖሊስ?»

ስልኩን ዘጋ። ለእሱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

እሑድ ሆነ። በዚያ ወገን እሑድ ማለት እሑድ ነው፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ልብስ አይሰጣም፣ የልጆች መጫወቻ ዥዋዥዌ እንኳ በሰንሰለት ይታሰራል። እንግዶቹ በሆቴሉ ሳሎን እያዛጉ ተጎልተዋል። ቶርኪል በዚህ ቀን ማፏጨት እንኳ ተከልክሎ ያደገ ሰው ነው። ጥርጣሬ ግን ቀን አይለይም። ወደ ኮሪደሩ ስልክ ሄዶ ለዶሊና ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፤ አላነሣችም። አለማንሣቷን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠረው። እሑድ ስካርናይ ላይ ስልክ የሚያነሣ ሰው ኖሮ እንደማያውቅ አልታሰበውም። በመጨረሻ መልእክት የሚቀዳው ሣጥን ጮኸና ዝም አለ።

«ዶሊና! እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ። ጭሱን በዓይኔ አይቻለሁ። የማንን ማገዶ ነው የምታነዱት? ያንን ልጅ ቤቴ አስገብተሽ በቁሜ ልታወርሺው ነው? ባልሽስ ቢሆን አጥሬን በየዓመቱ በክንድ በክንድ ሲገፋ ያላየሁ መሰለሽ? ሌባ አግብተሽ ሌባ ሆነሽ ቀረሽ! ዓርብ ስመጣ አንድም ሰው እዚያ እንዳላገኝ!»

ሰኞ ባቡሩ ከስካይ ማዶ ካለችው ከካይል ተነሥቶ በባሕሩ ዳር እየተጥመለመለ ወደ ኢንቨርነስ ሲሄድ፣ ከጉዞው ሁሉ ውብ በሚባለው መንገድ ላይ፣ አስጎብኚው የሐይቆቹን ስም አምታታ።

«ምነው ዛሬ?» አሉ ሚስስ ሄፕል ቀስ ብለው። «ሰው ሞተብዎት?»

«ገና ነው።»

ሲሰናበቱት አንድ ማሰሮ ማርማላታ ሰጡት። ክዳኑ ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ አየው።

ዓርብ የፖስታ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ነጂው ፊንሌ፣ የስካርናይ ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበለው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ቄስ ቶርኪል!»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«የእሑዱ ስብከትህ እኮ ደሴቱን አናወጠው። ትንሽ አጠረ እንጂ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ያልሰማ አለ? እሑድ መጽሐፍ የሚነበበው ዶሊና ቤት አይደል? ሁላችን ክብ ሠርተን ተቀምጠናል፣ አንተ ከሣጥኑ ውስጥ ሌባ ሌባ ትላለህ። እሷም እሑድ ነውና ቁልፉን ነክታ ልታጠፋህ አልቻለችም። እስክትጨርስ ጠበቅንህ።»

ቶርኪል ፊቱ ቢቀላም ልቡ አልለሰለሰም። ለምን ተሰበሰቡ? ብሎ አሰበ። የሚነበበው መጽሐፍ ነው ወይስ መሬቴን ሲካፈሉ ነበር?

ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። አመድ የለበሰው ምድጃ ለብ እንዳለ ነው። በየበጋው የሚሻግተው ግድግዳ ደርቋል፤ ብርድ ልብሶቹ ወንበር ላይ ተዘርግተው አየር አግኝተዋል። የሩሪ ጫማ የለም፣ ቦርሳ የለም። ወደ ዶሊና ሄደ። ከጓሮ ድርቆሽ ትገለብጣለች፤ አይታው ሥራዋን አላቆመችም።

«ማነው ያነደደው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የመሬት መሥሪያ ቤቱ ሰው ሰሞኑን ይመጣል ብሎ ፊንሌ ነገረኝ። ከጀልባ ላይ ሆኖ ደሴት ደሴቱን እያየ ነው የሚያልፈው አለኝ። ጭስ የሌለው ቤት ካየ ይወርዳል፤ ጭስ ካየ ያልፋል።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ሤራ ይሆናላ! እኔ ሤራ አልሠራም። የጎረቤት ቤት እንዳይሻግት እሳት አነደድኩ፤ ይሄ ኃጢአት አይደለም። በአፌ አልዋሽም፣ ቶርኪል። ጭስ ግን አፍ የለውም።»

ድርቆሹን ገለበጠች። «ታዲያ አለፈ?» አለ እሱ።

«ሰኞ መጣ። ጭሱንም አይቶ ሊያልፍ ነበር፤ ውሃ ጠማኝ ብሎ ወረደ። እዚህ ተቀምጦ ጠጣ። ከዚያ ‹ያ ቤት ሰው ይኖርበታል?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ቅዳሜ ቢጠይቀኝ ‹ጭሱ አይታይህም?› ብዬ ነገሩን አዙሬ እሸኘው ነበር። ግን ሰኞ ጠየቀኝ። እሑድ እሑድ መሆኑ የጠፋበት ሰው እዚህ ይኖራል ብዬ እንዴት ልበለው? አይኖርም አልኩት። ከሚያዝያ ወዲህ አላየሁትም አልኩት። እውነት ነው፣ አላየሁህም።»

«ሩሪስ?»

«ሩሪማ ኤር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ከአንዲት ልጅ ጋር አይስክሬም ሲልስ ከርሞ ፖስት ካርድ ልኮልኛል። ያንተን ድንጋይ ምን ሊያደርገው!»

ይቅርታ የሚባለው ቃል ጉሮሮው ድረስ ሳይመጣ አልቀረም። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማገዶውን ምን ያህል ጨረስሽው?»

ዶሊና መንሹን ተደግፋ ረዘም አድርጋ አየችው። «ሂድና ለካው፣ ሆዴ» አለችና ወደ ድርቆሿ ተመለሰች።

ጥርጣሬ ዘበኛ ነው ይባላል። ይሁን። ዘበኛ ሌባ ያባርር ይሆናል፣ ቤት ማሞቅ ግን ሥራው አይደለም። ቶርኪል ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ደጁን ሲጠብቅ የኖረበት ቤት፣ እሳት የገባለት ከማይጠረጥር ሰው እጅ ነበር።

ክረምት ላይ ስካይ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ጉዳዩ ታየ። ዶሊና ተጠርታ ያንኑ ደገመች። «የምትቃወመው ነገር አለ?» ሲባል ቶርኪል ተነሥቶ «የተናገረችው እውነት ነው» ብሎ ተቀመጠ፤ ያን ቀን የእሷን ቃል አልመረመረም። መሬቱ ሁለት ልጆች ላሏቸው ወጣት ባልና ሚስት ተሰጠ። ቤቱን እንደገና ነጭ ቀቡት። ዓመቱን ሙሉ ጭስ አለው። ቶርኪልና ዶሊና ቀብር ላይ ሲገናኙ እጅ ይጨባበጣሉ፤ ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ። እሱ ጣቢያው አጠገብ ባለችው ክፍል ኖረ፣ ጉልበቱ እስኪከዳውም ሽርሽረኞቹን ማጀቡን አልተወም።

በቀጣዩ ዓመት፣ ጉዞው ሳይጀመር ነው አሉ፣ ኩባንያው ቢሮ ሄዶ አንድ ነገር ጠየቀ። በሥራው ዘመን ሁሉ የጠየቀው ብቸኛ ነገር ነው። ጀልባዋ ከማሌግ ስትነሣ ስካርናይን በጀርባ በኩል ብትዞር ምን ይመስላችኋል አላቸው። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ባሕሩ ያው ነው፣ አቆስጣውም ያው ነው።

ኃላፊዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ አልከፋችበትም።

«አቶ ቶርኪል፣ እንግዶቹ በጣም የሚወዱት እኮ ያንን ነው፤ ነጯን ቤት። ዘንድሮ በማስታወቂያችን ላይ ያወጣናት እሷን ነው።»

«እንግዲያው እዚያ ጋ ስንደርስ እኔ ታች ልውረድ። ማይክሮፎኑን ሌላ ሰው ይያዝ።»

«ማን አለንና?» አለችው።