ያልለቀቅሁት እጅ

«ይኼ እጅ ነው ወይስ ያደረ ቅንጬ?» አለና የእህቴ ባል እጄን መልሶ ጣለው።

ግቢው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ቆመናል። ከሥራ ሲመለስ፣ ከእራት በፊት፣ ሰላምታ ያስተምረኛል። እኔ ካደግሁበት ከዱርቤቴ ይዤው የመጣሁት ሌላ ነው፤ ቀኝ እጅ ሲዘረጋ ግራው ክንዱን ይደግፋል፣ አንገት ይሰበራል፣ ዓይን መሬት ያያል።

«የሚቀጥርሽ ጓድ እጁን ሲዘረጋልሽ እንደ ቄስ መስቀል ልትሳለሚው ነው? በአንድ እጅ። ቀጥ ብለሽ። ዓይኑን እያየሽ። ጨበጥ፣ ለቀቅ።»

እህቴ ሽንኩርት እየላጠች ትስቃለች። እኔ አልስቅም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን የመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ካላገኘሁ እስከ መስቀል ወደ ዱርቤቴ መመለሴ ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ ልጆቻቸው አራት። እህቴ «ሂጂ» አላለችኝም፤ «አባባ ደግሞ ልኮብኛል» አለችኝ እንጂ። መልእክቱን አውቀዋለሁ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሽማግሌ ሰዷል። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ ካዘሉ እናቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ስምንተኛን በማታ ትምህርት ጨርሻለሁ። እዚያ ሰው ቤት ከገባሁ ዳግም መጽሐፍ እገልጣለሁ ብዬ ራሴን አላታለልሁም።

የቀጠሮው ዕለት የእህቴ ባል በብስክሌቱ አፈናጦኝ ስንሄድ ሐይቁ ዳር ሰንሰለቱ ወለቀ። «ያንቺ ጣት ቀጭን ነው» ብሎ እሱ ብስክሌቱን ከፍ አድርጎ ያዘ፣ እኔ ሰንሰለቱን መለስሁ። ግራሶው ቀኝ መዳፌን ሞላው። ጣና ዳር ወርጄ በአሸዋ ፈተግሁት። ቆዳዬ ቀላ፤ ግራሶው ግን ወደ ጣቶቼ መካከል ሸሸ እንጂ አልለቀቀም።

«ተይው፣ ረፍዷል» አለኝ።

የፋብሪካው የአስተዳደር ኃላፊ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ዘረጋልኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። የተማርሁት ሁሉ ጠፋኝ። እጇ ሊጥ እንደ ነካ ሴት መዳፌን ጨብጬ አንጓዬን ሰጠሁት፤ አንገቴንም ሰበርሁ። በሁለት ጣቱ ነካ አደረገኝና ተቀመጠ። የምስክር ወረቀቴን ገለጥ አድርጎ፣

«ቦታው ተይዟል እኮ እህቴ። አልነገሩሽም?» አለ።

ተነሣሁ። ወደ በሩ መሄድ ሲገባኝ ወደ እሱ ሄድሁ። እጄን ቀድሜ ዘረጋሁ፤ ለአለቃ፣ ያውም ያን ጥቁር እጅ። ይሉኝታ ይዞት ተቀበለኝ። ቀጥ ብዬ፣ ዓይኑን እያየሁ ጨበጥሁት። «ለቀቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቶቼ እምቢ አሉ።

«እሺ፣ በቃ፣ ደህና ሁኚ» አለ።

«ሌላ ቦታ የለም?»

«የለም አልሁሽ።»

«ለመጥረግም ቢሆን።»

እጁን ሳብ አደረገ። አብሬው ተሳብሁ። ተራ የሚጠብቁት በተከፈተው በር ያዩናል። አላፈርሁም፤ ዛሬም ሳስበው የሚያስደነግጠኝ አለማፈሬ ነው።

«እህቴ፣ ልቀቂኝና ልጻፍልሽ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈ። የጣቶቹ አሻራ ጥቁር ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ቀረ።

«ፈትል ክፍል ነው። እንዲህ የሚይዝ እጅ እዚያ ይሆናል።»

የእህቴ ባል ውጭ ብስክሌቱን ተደግፎ ይጠብቀኛል።

«እህስ፣ ጨበጥሽው?»

«ጨበጥሁት።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። መልሼ ወስጄ ራሴ አነበብሁት። «የማታ ፈረቃ» ይላል። ዘጠነኛ ክፍል የተመዘገብሁትም በማታው ትምህርት ነበር።