ደራ የሌለችበት መስመር

ሰዓሊው ጉተማ የአርሲዋ ከተማ የደራ ልጅ ነበር። በ1922 ዓ.ም. አዳማ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ቀድሞ በሳለው የባቡር መንገድ ካርታ ውስጥ፣ ወደፊት ወደ አርሲ ይዘረጋል ለተባለው ሐዲድ ቦታ እንዲያበጅለት ታዘዘ። የድሮውን መስመር ፍቆ ከፍ አድርጎ ሳለና ከሥሩ አዲሱን በቀይ ስቦ ደራንና ጎረቤቷን ሁሩታን ጻፈበት።

የጣቢያው ሹም አየና፣ «ደራን አጥፋት። ባቡር ለእሷ አይቆምም» አለው።

«ሐዲዱ ሳይዘረጋ ባቡሩ የት አለና ነው የማይቆመው፣ ጌታዬ?»

«ለባላገር መንጋ ጣቢያ አይሠራም። አጥፋ ብዬሃለሁ!»

ጉተማ እናቱ የሚነግዱበትን ከተማ በገዛ እጁ መፋቅ አልሆነለትም። የቀለሙን ቆርቆሮ ሹሙ እግር ሥር ደፍቶ ወጣ። ሹሙም ደራን በሌላ ሰው አስፋቃት። ሐዲዱ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ፤ ሁለቱ ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ እንኳ ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ።