የእርቁ ጉርሻ

ባለቤቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ አንዲት የሰፈር ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ጀርባዬን እያሻሸች "እንግዲህ አንቺም ዕረፊ፤ ያየሽውን አይተሻል" አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቦሌ ሚካኤል፣ እኛ ሰፈር፣ ባለቤቴ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ቦክሰኛ ነበር፣ ሚስቱን ይመታ ነበር ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት መሆኑን በእርግጥ የምናውቀው እኔና እሱ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ለቅሶ ቤት ክርክር አይነሳም። ግን ሰውየው ገና አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን በአንድ ቃል እንኳ አልተከላከልኩለትም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብዬ ፎቶውን ማየት ያሳፍረኛል።

ስንጋባ በክብደቱ የአገር ሻምፒዮን ነበር። ቦክስ የጀመረው ወጣት ማዕከል ውስጥ ነው። ልጆቹ ጓንቱን በተራ ስለሚጋሩት በሌላ ልጅ ላብ የራሰውን ሳይደርቅ ያጠልቀው እንደነበር እየሳቀ ይነግረኝ ነበር። ኋላ አንድ ክለብ ደመወዝ ቆረጠለት፣ ብሔራዊ ቡድንም ገባ። እናቴ መጀመሪያ "ሰው መትቶ የሚያድር" ትለው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ከእኔ ይልቅ የሚናፍቃት እሱ ሆነ። ከዚያ ደመወዙን ትቶ ፕሮፌሽናል ሆነ። ዙሩ በዛ፣ የራስ መከላከያው ቀረ፣ ጉዳቱም ወጪውም የራሱ ሆነ። ናይሮቢ ሄዶ የሻምፒዮንነት ቀበቶ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ከብዶት የቆየ ሸክም ያወረደ ይመስል ነበር። እኔም ዳንቴል አልብሼ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖርኩት።

ያን ቀበቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአገሩ ሰው ፊት ሊያስጠብቅ ነበር። ቦክሰኛ ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን ሚዛን ላይ ይወጣል። ሻምፒዮኑ ከተወሰነለት ክብደት ካለፈ ቀበቶውን ማንም ሳይመታው እዚያው ሚዛኑ ላይ ያጣዋል። ስለዚህ ሰውነቱን ማድረቅ ነበረበት። ለሳምንታት ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ አልበላም። መጨረሻ ላይ ውሃም ተወ፤ ምራቁን እንኳ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ይተፋ ነበር። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው "እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው" እስኪል አይጠብቅም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። አፉ ስለደረቀ ነው። ሰፈሩ ግን ኮራ፣ ከፋ አለው።

በዚሁ መሃል ሃያ ሁለት ከሚባለው ሰፈር በታክሲ ስመጣ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘና ጉንጬ ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ብረት ጋር ተጋጨ። ቤት ስደርስ ከዓይኔ ሥር አብጦ ጠቁሯል። ባለቤቴ አየኝና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀ።

"የስንተኛው ዙር ነው?"

"አትቀልድ፣ አሞኛል።"

"ነይ እናትዬ፣ ይሄ የኔ ሙያ ነው።"

ቦክሰኞች እብጠት የሚያስተኙበት ጠፍጣፋ ብረት አላቸው። እሱን በበረዶ አቀዝቅዞ እብጠቱ ላይ ጫን ጫን ሲያደርገው ሕመሙ ነፍሴን አወጣው። "ኧረ ተወኝ! ኧረ ሞትኩ!" ብዬ ጮህኩ። የእኛን ቤት ከጎረቤት የሚለየው ቆርቆሮ ነው። በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጎረቤቴ ፊቴን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። "ታክሲ ነው" አልኳት። "አዎ፣ ታክሲ ነው እንጂ" አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ሚዛን ሊወጣ አንድ ምሽት ሲቀረው የዕድራችን ሰብሳቢ እና አንድ የሰፈሩ ነጋዴ፣ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ቤታችን መጡ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። "ለመቀመጥ አልመጣንም" አሉና ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ፊትሽን ወደ መብራቱ አዙሪው።"

"ጋሼ፣ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ፍሬን ሲይዝ…"

ሐጂ በሐዘን ፈገግ አሉ። "የኔም ልጅ ባሏ ሲመታት ከደረጃ ወደቅኩ ነው ያለችን። ቤቷ ደረጃ የለውም።"

"ሐጂ፣ እኔ በቤቴ እጄን አንስቼ አላውቅም" አለ ባለቤቴ።

"ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት?"

"ብረቱ ነው፣ ብረቱን ሳስነካት…"

"በብረት!" ሐጂ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገርነው ሁሉ ነገሩን አባሰው። እኔ ስክድ ፈርታ ነው አሉ፤ እሱ ሲክድ ደፋር ነው አሉ። ጋሼ በሰፊው መከሩት፤ ጉልበት እግዚአብሔር የሰጠው ለሜዳ እንጂ ለቤት እንዳልሆነ፣ የሰው ልጅ ከእናቷ ቤት አምጥቶ እንዲህ እንደማይደረግ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ደክሞት ነበር፤ መተኛት ፈልጓል። በመጨረሻ ተነሥቶ ጎንበስ አለና ጉልበታቸውን ሳመ።

"አጥፍቻለሁ። ይቅር በሉኝ።"

እኔን አላየኝም። ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይሄድም፤ እሱ እንዲሄዱለት ብቻ ነበር የፈለገው።

እነሱ ግን አልሄዱም። እንግዳ ጾሙን አይወጣምና ጥብስ ሠርቼ ነበር። ትሪው ቀረበ፤ የክርስቲያን ሥጋ ለማይበሉት ለሐጂ ሻይ ሰጠኋቸው። "እርቅ ያለ ማዕድ አይጸናም" አሉ ጋሼ፤ "በይ፣ በእጅሽ አጉርሺው።"

"ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሚዛን አለብኝ" አለ ባለቤቴ። "ከግጥሚያው በኋላ የፈለጋችሁትን እበላለሁ።"

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን ይዤ ነው የኖርኩት" አሉ ሐጂ፤ "በጉርሻ የተዛባ አላየሁም። ወይስ ቂም ይዘሃል?"

ሁሉም እኔን አዩ። እሱም አየኝ። "ተዉት፣ አይችልም" ማለት የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ሚዛኑ ምን እንደሆነ ከእነሱ በላይ አውቃለሁ። አፍሬ ነው ብዬ ለብዙ ዘመን ራሴን አጽናንቻለሁ። ባል ከእጇ አልበላም ያላት ሚስት፣ በሽማግሌ ፊት… እውነት ነው፣ አፍሬያለሁ። ነገር ግን ሌላም ነበር። ለሳምንታት ለብቻዬ በልቻለሁ። የሠራሁትን ሳያይ፣ ሳያናግረኝ ከርሟል። እነዚያ ሰዎች ባልሆነ ነገርም ቢሆን ለእኔ አዝነው መጡ፣ ደስ አለኝ። ከእጄ እንዲበላም ፈለግሁ። ጠቅልዬ አጎረስኩት።

"አንድ ያጣላል" አሉ ሐጂ። ደገምኩለት። እሱም በተራው አጎረሰኝ። ከዚያ "ብላ እንጂ፣ ምግቡን ምን አደረገህ" ተባለ፤ ጨው ያለበት ነውና ጠማው፣ የቀረበለትን ውሃ ጨለጠ። ለሳምንታት የታሰረ ሰውነት አንዴ ከተፈታ መመለሻ የለውም። ሽማግሎቹ መርቀውን፣ ደስ ብሏቸው ወጡ።

ሚዛኑ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። አብሬው ሄድኩ። ከተወሰነለት ክብደት አለፈ፤ በጥቂት ነው፣ ግን አለፈ። ጥቂት ሰዓት ሰጡትና ላብ እንዲያወጣው ፕላስቲክ ልብስ ለብሶ የሆቴሉን ደረጃ ይወጣ ይወርድ ጀመር። ሻንጣ የሚጎትቱ እንግዶች ጥግ እየያዙ ያሳልፉታል። እኔ እታች ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሲያልፍ ሲያገድም አየዋለሁ። ላቡ እምቢ አለ። ሁለተኛ ሚዛን ላይ ሲወጣም ልኩን አለፈ፤ የውድድሩ ኃላፊዎች ቀበቶውን ከሚዛኑ አጠገብ ተረከቡት።

በማግስቱ ተጋጥሞ አሸነፈ። ይህን ሰው አያምነኝም፤ ገመዱን እየተደገፈ፣ በነጥብ አሸነፈ። ዳኛው እጁን አነሣለት፣ ቀበቶው ግን የማንም ሳይሆን በሳጥኑ ተመለሰ። ሰፈር ስንገባ ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ለሌላዋ "የሴት እንባ ነው፤ እግዚአብሔር ያያል" ስትል ሰማኋት። እሱም ሰምቷል። ቦርሳውን ይዞ ገባ።

"ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩት ያን ዕለት። "ጋሼንም ሐጂንም፤ ምን እንዳደረጉህ ይወቁ።"

"ምን አደረጉኝ? ያጎረስሽኝ አንቺ" አለ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ድምፁን ለስለስ አደረገ። "ተዪ። ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ ጥፋተኛ ሆኖ ቤቱ አይገባም። እኔ ከዚህ የባሰ ተመትቻለሁ።"

ሌላ የቀበቶ ግጥሚያ አላገኘም። ጥቂት ተጋጥሞ ተወው፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አንድ ጂም ውስጥ የቢሮ ሰዎችን ሲያሠለጥን ኖረ፣ ታመመ፣ ሞተ። ስለዚያ ምሽት አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ሐጂ ከእሱ ቀድመው አርፈዋል። ጋሼ አርባው ካለፈ በኋላ በከዘራ እየተደገፉ ሊጠይቁኝ መጡ። አርጅተዋል። ሊናገሩ የፈለጉት ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ እኔም ነበረኝ። ሳልጀምር ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ በዕድሜዬ ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ። አብዛኛው ፈርሷል። የእናንተ ግን ጸና። እኔ የምኮራበት እሱ ነው። ከዚያች ምሽት በኋላ አልመታሽም፣ አይደል?"

"አልመታኝም ጋሼ" አልኩ። ከዚያ እንደምንም፣ "ከዚያ በፊትም አልመታኝም። አንድም ቀን" አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። የገባቸው መሰለኝ። ጋሼ ግን ዓይናቸው በእንባ ሞላና እጄን ያዙ።

"ጎበዝ! የሟችን ገበና እንዲህ መሸፈን ነው። እንዲህ ነው እንጂ ሚስት።"

ቀሪው አፌ ላይ ነበር፤ ታክሲው፣ ጥብሱ፣ ሚዛኑ፣ ቀበቶው። እኒህ ሽማግሌ ግን ከሠሩት ሁሉ የቀራቸው አንድ ኩራት ይኸው ነው፤ ባለቤቴም አትንገሪያቸው ብሎኛል። የሱን ስም ላነጻ ስነሣ የሱን ቃል ላፈርስ ነበር። የማይገባኝን ምስጋና ተቀበልኩ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሊሄዱ ሲነሡ ክንዳቸውን ደግፌ እስከ በሩ ሸኘኋቸው፤ መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ስለ እኔ ደግነት እንደሚናገሩ እያወቅሁ።