የበርበሬ በረንዳ ሳል

በርበሬ በረንዳ የማይስል ሰው የለም። ስለዚህ ባይነሽ ስትስል ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። አጠገቧ እሸጥ ስለነበር እኔም እስል ነበር። ከጎጃም መጥታ፣ ዕድሜዋን በርበሬ ስትቀነጥስ ኖራ፣ ታናሽ ወንድሟን አስናቀውን ኮሌጅ ያስገባች ሴት ናት። "ሳይንስ ነው የሚማረው" ስትል ሳሏን እንኳ ትረሳለች።

ደም ስትተፋ ጊዜ ሰባተኛ ሰፈር ወዳለው የካቶሊክ መነኮሳት ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ፈረንጇ መነኩሴ አክታዋን አስመርምራ፣ "የሳንባ ነቀርሳ ነው። መርፌውን ካላቋረጥሽ ትድኛለሽ" አለቻት። ተወጋች፤ ሳሉ ቀነሰ፤ እህል መቅመስ ጀመረች። እኔም ደስ አለኝ።

የዕድራችን ሽማግሌዎች ግን ሚሲዮን ቤት መመላለሷን አልወደዱም። "በሱስንዮስ ጊዜ ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡ የመጡት እነሱ አይደሉም?" ይሉ ነበር። አስናቀው ይከራከርላታል ብዬ ነበር። እሱ ይባስ ብሎ ስብሰባ ላይ ተነሣና፣ "ምድር ትዞራለች ባለው ሊቅ ላይ የፈረዱት የእነዚህ ወገኖች ናቸው። የሳይንስ ጠላት ሰው አያድንም፤ መርፌውን ይሞክርበታል እንጂ" አለ። ምድር መዞሯን በሞታቸው የማይቀበሉት ሽማግሌዎች ቆመው መረቁት። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። እዚያው ደንብ ወጣ፤ ሚሲዮን ቤት የታከመን ዕድሩ አይቀብርም።

ባይነሽ ከሞት ይልቅ ቀባሪ ማጣትን ፈራች።

"መርፌውን አታቋርጪ፤ እኔ እቀብርሻለሁ" አልኳት።

"ብቻሽን?" ብላ ሳቀች። "ደግሞስ እሱ የማያውቀውን እኔ ላውቅ ነው? የተማረ ይግደለኝ።"

አቋረጠች። ሌላውም ሰው ቀረና መነኮሳቱ ቤቱን ለቀው ሄዱ።

ደሙ ሲመለስባት አስናቀው ከእኔ ጋር የመንግሥት ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ አይቷት፣ "የጀመረችውን መርፌ ማን አስተዋት? አሁን እኮ ረፍዷል" አለው። አስናቀው መነኩሴዋን ፍለጋ ሰባተኛ ሲሮጥ ተከተልኩት። ክሊኒኩ የበርበሬ መጋዘን ሆኗል። በሩ ላይ ቆሞ ይስል ነበር።

ባይነሽ ስትሞት ዕድሩ ቃሉን ጠበቀ። ድንኳን ተተከለ፤ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን በወግ በማዕረግ ተቀበረች። ለቀስተኛው "ምን አገኛት?" ሲል የዕድሩ ዳኛ "ያው በርበሬው ነው" ይላሉ። ከዚያ ወደ አስናቀው ዞሩ፤ ከመካከላችን የተማረ እሱ ብቻ ነው።

"አይደለም እንዴ ልጄ?"

አቀርቅሮ፣ "ነው" አለ።