ደወሉን መጫን ፈራሁ

ዛሬ በቀጥታ ስርጭት ላይ እጄ ደርቆ ቀረ።

የጥያቄና መልስ ውድድሩ ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ከተፎካካሪዬ ጋር ነጥባችን እኩል ነው፤ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ። እስከዛሬ ያሸነፍኩት ጥያቄው ሳያልቅ ደወሉን ቀድሜ እየተጫንኩ ነው።

አቅራቢው «ላሊበላ አካባቢ በዋሻ ውስጥ የሚገኝ...» ብሎ ሲጀምር ላብ አጠመቀኝ። የላስታ ልጅ ነኝ! ቄሱ አባቴ እዚያው መንደራችን ብልባላ ላይ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ቴሌቪዥን ከበው እያዩኝ ነው። የአገሬን ጥያቄ ብስት በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ተፎካካሪዬ ደወሉን ቀድሞኝ ተጫነና «ይምርሐነ ክርስቶስ!» አለ። ተሳሳተ።

አቅራቢው ጥያቄውን ጨረሰው፦ «...በንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ስም የሚጠራው ገዳም የትኛው ነው?»

«ነአኩቶ ለአብ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። አለፍኩ!

አባቴ ወዲያው ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ? ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!»

«ፈርቼ ነው አባባ። እርስዎ እያዩኝ ብሳሳትስ ብዬ።»

«እኔማ ነገ ከካህናቱ ፊት እንዴት እቆማለሁ እያልኩ ነበር» አሉኝ።

(ሰዉ «ብልጥ ነሽ፣ ሆን ብለሽ ጠበቅሽ» እያለ ይጽፍልኛል። ምን ብልጠት አለ፣ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ!)

ፍጻሜው ቅዳሜ ነው። እናንተስ፣ አብጠርጥራችሁ በምታውቁት ነገር ላይ ፍርሃት እጅ እግራችሁን ያሰረበት ቀን የለም? እስኪ ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልሁን።